ወደ ምዕራብ የተጓዙ ሰዎችን ታሪክ በድረ ገጽ ፍለጋ ፕሮጀክት ማስተማር፦ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኅብረቶች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በምዕራብ ሸዋ ዞን፣ በኢሉ ገላን ወረዳ የምትገኘውን የእጃጂን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። በከተማዋ የሚማሩ ሕፃናት ወደ ምዕራብ የሚያመሩ አውቶቡሶችንና የጭነት ተሽከርካሪዎችን በየዕለቱ ያያሉ። ይሁን እንጂ በዚሁ አቅጣጫ ከእነርሱ ዘመን በፊት እነማን እንደተጓዙ፣ ለምን እንደተጓዙና በደረሱበት ስፍራ እነማንን እንዳገኙ በክፍል ውስጥ የሚጠይቁበት ዕድል እምብዛም የለም። ታሪክ ሲማሩም ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት በሌሎች ተጠይቆ የተመለሰ ጥያቄ ነው።

ይህ ማብራሪያ «የድረ ገጽ ፍለጋ ፕሮጀክት» የተሰኘው የማስተማሪያ ዘዴ ምን እንደሆነ፣ የሕዝብ እንቅስቃሴንና የመስፋፋትን ታሪክ ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ለማስተማር እንዴት እንደሚያገለግል፣ ወላጆችም ልጆቻቸው በእንዲህ ያለው ሥራ ሲሳተፉ ምን ሊጠብቁና ምን ሊጠይቁ እንደሚገባ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው። በእጃጂና በአካባቢዋ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የቀረበው ምሳሌ አስገዳጅ መመሪያ ሳይሆን፣ ማንኛውም ትምህርት ቤት ከራሱ አካባቢ ጋር አዛምዶ ሊጠቀምበት የሚችል ማሳያ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የድረ ገጽ ፍለጋ ፕሮጀክት ምንድን ነው?

ዘዴው በእንግሊዝኛ ስሙ ዌብኩዌስት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር በነበሩት በበርኒ ዶጅ ተቀርጾ፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ተማሪው ኢንተርኔት ላይ ያሻውን እንዲፈልግ ሜዳ ላይ አይለቀቅም። መምህሩ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ያቀርባል፤ አስቀድሞ የመረመራቸውን ጥቂት ምንጮች ያዘጋጃል፤ ተማሪዎችም በቡድን ሆነው ምንጮቹን አንብበው፣ አነጻጽረውና ተወያይተው የራሳቸውን መልስ ይሠራሉ። ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት መረጃ በማሳደድ ሳይሆን ባገኙት መረጃ ላይ በማሰብ ነው።

አንድ የድረ ገጽ ፍለጋ ፕሮጀክት በተለምዶ ስድስት ክፍሎች አሉት፦

1. መግቢያ፦ ተማሪውን ወደ ርዕሱ የሚያስገባ አጭር ገለጻ።
2. ተግባር፦ በመጨረሻ የሚቀርበው ሥራ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ። ካርታ፣ የግድግዳ ጋዜጣ፣ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅት ወይም ክርክር ሊሆን ይችላል።
3. ሂደት፦ ሥራው ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚከናወንና በቡድኑ ውስጥ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ የሚገልጽ።
4. ምንጮች፦ በመምህሩ የተመረጡ ድረ ገጾች፣ ሥዕሎች፣ ካርታዎችና ጽሑፎች።
5. ምዘና፦ ሥራው በምን መስፈርት እንደሚለካ ተማሪው ከመጀመሩ በፊት የሚያውቅበት ሠንጠረዥ።
6. ማጠቃለያ፦ ተማሪው የተማረውን መለስ ብሎ የሚያይበትና አዲስ ጥያቄ የሚያነሣበት።

በአሜሪካ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዚህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ከሚቀርቡት ርዕሶች አንዱ የአገሪቱ ወደ ምዕራብ መስፋፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1803 ከፈረንሳይ ሰፊ ግዛት ተገዛ፤ በ1862 የወጣው ሕግ ለሰፋሪ ገበሬዎች እስከ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ መሬት ፈቀደ፤ በ1869 ደግሞ ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ተጠናቀቀ። ለሰፋሪው ይህ የተስፋ ታሪክ ነበር። በምድሪቱ ቀድመው ይኖሩ ለነበሩት ነባር ሕዝቦች ግን ከቀዬ የመነቀል ታሪክ ነው፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ይኖሩ የነበሩ ነገዶችን ወደ ምዕራብ ለማዛወር የሚፈቅደው ሕግ የወጣውም በ1830 ነበር። አንድ ድርጊት ለአንዱ መምጣት፣ ለሌላው መነቀል መሆኑን ልጅ በራሱ ንባብ ሲደርስበት ከቃል ጥናት የማይገኝ ማስተዋል ያዳብራል። እኛም ለልጆቻችን ልናስጨብጠው የሚገባው ይህንኑ ማስተዋል ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሌላ አገር ታሪክ መዋስ ሳያስፈልገን በደጃችን በቂ ታሪክ አለን።

ከእጃጂ ወደ ምዕራብ፦ አራት ጉዞዎች

ፕሮጀክቱን የሚያዘጋጅ መምህር የሚከተሉትን አራት ምዕራፎች ጠንቅቆ ማወቅ ይጠቅመዋል። እያንዳንዱ ምዕራፍ ለአንድ የተማሪዎች ቡድን ይሰጣል።

የመጀመሪያው የሜጫ ኦሮሞ ጉዞ ነው። በኢሉ ገላን ወረዳ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ሆኖ ሲያገለግል የኖረ ስፍራ ሲሆን፣ የቃል ትውፊት ማኮ ቢሊ ከሚባሉት ሕግ ደንጋጊ ስም ጋር ያያይዘዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሜጫዎች ከዚህ አካባቢ ተነሥተው የግቤን ወንዝ በመሻገር ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተስፋፉ። በምድሪቱ ላይ ግን ሌሎች ሕዝቦች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት፣ ለምሳሌ ጋፋቶች፣ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ሄዱ፤ ቋንቋቸውም ዛሬ የሚናገረው የለም። ብዙዎች ደግሞ በሞጋሳና በጉዲፈቻ ሥርዓት ከኦሮሞ ማኅበረሰብ ጋር ተቀላቀሉ። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ ስለሰፈረ፣ ተማሪዎች ስለ ሥርዓቱ የሚያነቡት በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያገኛሉ።

ሁለተኛው የመንግሥት መስፋፋት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሸዋና የጎጃም ነገሥታት የቡና፣ የወርቅ፣ የዝባድና የዝሆን ጥርስ ንግድ የሚተላለፍበትን ምዕራባዊ አገር ለመቆጣጠር ይፎካከሩ ነበር። በ1874 በጉዱሩ አካባቢ በተደረገው የእምባቦ ጦርነት በራስ ጎበና ዳጬ ይመራ የነበረው ጦር የተሰለፈበት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሠራዊት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረገ፤ ንጉሡም ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ የምዕራቡ አገር በሸዋ ሥር ዋለ። የለቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ በሰላም በመግባታቸው ግብር እየከፈሉ አገራቸውን ማስተዳደራቸውን ቀጠሉ። በጦር ኃይል በተያዙ ብዙ አካባቢዎች ግን ገበሬው ገባር ሆኖ ለባለ ሥልጣንና ለወታደር ግብርና ጉልበት እንዲያቀርብ ተገደደ። ከዚህ ሥርዓት የተረፈው የመሬት ባለቤትነትና የጭሰኝነት ግንኙነት በሕግ የተሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በዚህ ምዕራፍ የሚሠራው ቡድን አንድን ድርጊት የአገር መገንባት አድርገው የሚተርኩ ጽሑፎችንም፣ ወረራ አድርገው የሚተርኩ ጽሑፎችንም ያገኛል፤ ሥራውም ሁለቱም ወገኖች የሚያቀርቡትን ማስረጃ መለየት ነው።

ሦስተኛው የመንገዱ ታሪክ ነው። የአጋሰስና የበቅሎ ጉዞ ለተሽከርካሪ ቦታውን የለቀቀው ቀስ በቀስ ነው። በጣሊያን ወረራ ዓመታት ከ1928 እስከ 1933 ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚያመራው መስመር ለወታደራዊ ዓላማ ተሠራ፤ በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ የአገሪቱ መንገዶች ጥገናና ግንባታ በአንድ ተቋም ሥር ተጠቃለለ። መንገድ ሲመጣ ገበያ ይከተላል፤ ገበያን ተከትሎ ከተማ ይቆረቆራል። ቡድኑ በሳተላይት ካርታ ላይ ከአምቦ እስከ ባኮ ያሉትን ከተሞች አቀማመጥ ተመልክቶ፣ ቤቶቹ ለምን መንገዱን ተከትለው እንደተደረደሩ ማብራሪያ እንዲያቀርብ ይጠየቃል።

አራተኛው የ1977 ሰፈራ ነው። በ1977 በደረሰው ከባድ ድርቅና ረኃብ ሳቢያ የወቅቱ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ሰዎችን አሰፈረ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ የተጓጓዙት ሰዎች ቁጥር ወደ 600 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። ለአንዳንዶች ሰፈራው ከረኃብ መትረፊያ ሆኗል፤ ብዙዎች ደግሞ ያለ ፈቃዳቸው ተወስደዋል፣ ከቤተሰባቸው ተለያይተዋል፣ በበሽታና በአዲሱ አገር የአየር ጠባይ ሕይወታቸውን ያጡም ነበሩ። ሰፋሪዎቹ ያረፉበት መሬት የሚታረስ፣ ከብት የሚግጥበት ወይም ማር የሚቆረጥበት የነባሩ ማኅበረሰብ ይዞታ የነበረባቸው ስፍራዎችም አሉ። የዚህ ዘመን ምስክሮች ዛሬም በሕይወት በመኖራቸው፣ ምዕራፉ ለተማሪዎች ከሁሉም የቀረበ፣ ለመምህሩም ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

ፕሮጀክቱ በክፍል ውስጥ እንዴት ይከናወናል?

የቀረበው ምሳሌ ለ6ኛ፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚስማማ ሲሆን፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስድስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት ታሪክ ራሱን ችሎ የሚሰጠው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በመሆኑ፣ ፕሮጀክቱ በ6ኛ ክፍል ከአካባቢ ሳይንስ፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ደግሞ ከኅብረተሰብ ትምህርት ጋር ይያያዛል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መምህሩ ዋናውን ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፦ «ከእኛ አካባቢ ወደ ምዕራብ የተጓዙ ሰዎች ለምን ተጓዙ? በዚህ ጉዞ ማን ምን አገኘ? ማንስ ምን አጣ?» ከዚያም ክፍሉ በአራት ይከፈላል። ተማሪዎቹ ብዙ በሆኑበት ክፍል አንድ ምዕራፍ ለሁለትና ለሦስት ቡድኖች ሊሰጥ ይችላል። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ አንዱ ካርታ ሠሪ፣ አንዱ የጽሑፍ መርማሪ፣ አንዱ የቃል ታሪክ ሰብሳቢ፣ አንዱ ደግሞ ጸሐፊ ይሆናል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኖቹ በመምህሩ የተመረጡትን ምንጮች ያነባሉ። ለአንድ ቡድን ከአራት እስከ ስድስት ምንጭ በቂ ነው። በምዕራብ ሸዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ ስለ ርዕሱ በኢንተርኔት የሚገኘው ጽሑፍ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። ስለሆነም መምህሩ ከእያንዳንዱ ምንጭ አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ መርጦ ተማሪው በሚማርበት ቋንቋ በቀላል አገላለጽ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ይህ ዝግጅት ጊዜ ስለሚወስድ፣ በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ያሉ መምህራን ሥራውን ተከፋፍለው ቢሠሩት ለሁሉም ይቀላል።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ለቃል ታሪክ የሚሰጥ ነው። በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ያዩትንና የሰሙትን ለትውልድ የማስተላለፍ ልማድ «አርጋ ዳጌቲ» ይባላል። ተማሪዎች በቤታቸው ወይም በመንደራቸው ያሉ አያቶችን አምስት ጥያቄዎች ብቻ ይጠይቃሉ፦ የተወለዱት የት ነው? ቤተሰብዎ ወደዚህ አካባቢ የመጣው መቼ ነው ይባላል? በምን ተጓዙ? ሲመጡ ማን ተቀበላቸው? ከዚያ ዘመን የትኛውን ነገር እንድናስታውስ ይፈልጋሉ? መልሱን በደብተራቸው ይጽፋሉ። ተናጋሪው ካልፈቀዱ በቀር ድምፅም ሆነ ምስል አይቀረጽም።

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ከየቡድኑ አንድ አንድ ተማሪ ተውጣጥቶ አዲስ ቡድን ይመሠረታል፤ እያንዳንዱም የራሱን ምዕራፍ ለሌሎቹ ያስተምራል። በዚህ አሠራር ማንም ተማሪ ከአንድ ምዕራፍ ጋር ብቻ አይቀርም። በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ የተዘጋጀው ካርታ፣ የግድግዳ ጋዜጣ ወይም የሚኒ ሚዲያ ዝግጅት ወላጆች በተገኙበት ይቀርባል።

ምንጮችን መመርመር

የፕሮጀክቱ እምብርት ምንጭን መመርመር ነው። ተማሪው ማንኛውንም ጽሑፍ፣ ሥዕል ወይም ትረካ ሲያገኝ አራት ጥያቄዎችን እንዲያነሣ ይለማመዳል፦ ይህን ያለው ማን ነው? መቼ አለው? ለማን ብሎ አለው? ያልተናገረውስ የማንን ነገር ነው?

ለምሳሌ ስለ 16ኛው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥንታዊ ጽሑፍ መነኩሴው አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 በግዕዝ የጻፉት ነው። ጸሐፊው በዘመኑ የኖሩ በመሆናቸው ስለ ገዳ ስያሜዎችና ስለ ዘመቻዎች ያስቀመጡት ዝርዝር ለታሪክ ተመራማሪዎች ትልቅ ጥቅም አለው። በሌላ በኩል የጻፉት አገራቸው በጦርነቱ የተጎዳ ሰው ሆነው ነው፤ የኦሮሞ አባቶች ስለዚያው ዘመን በራሳቸው አንደበት የሚሉት በጽሑፉ ውስጥ የለም። ደግሞም ጽሑፉ ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበትና ዛሬ እንደ ስድብ በሚቆጠር ስም ይጠቀማል። መምህሩ ይህን አስቀድሞ ለተማሪዎች ማስረዳት ይገባዋል፤ በሚያዘጋጀው ቅንጫቢ ውስጥ ስሙን በ«ኦሮሞ» መተካትና መተካቱንም መግለጽ ተገቢ አሠራር ነው። የሕዝቡን የራሱን ትውፊት መሠረት ካደረጉ ጥናቶች ጋር ሲነጻጸር፣ ተማሪው አንድ ምንጭ እውነትንም ጉድለትንም በአንድነት ሊይዝ እንደሚችል ይረዳል።

ይኸው መመዘኛ በድረ ገጾች ላይም ይሠራል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጁ ነጻ መዛግብተ ዕውቀት ለመነሻ ይጠቅማሉ፤ ይሁንና ማንም ሰው ሊያርማቸው ስለሚችል ተማሪው ቢያንስ በአንድ ሌላ ምንጭ ማመሳከር ይኖርበታል። የጸሐፊውን ማንነት፣ ጊዜውንና ማስረጃውን የማይገልጹ የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎች በምንጭነት አይመረጡም። ለትምህርት ተብሎ ከታተመ ሥራ አጭር ቅንጫቢ ሲወሰድ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ዓላማ የሚፈቅደውን ወሰን መጠበቅና የጸሐፊውን ስም መጥቀስ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት በማይገኝበት ወይም በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት

የዘዴው ስም ድረ ገጽን ቢጠራም፣ ኢንተርኔት ያልደረሰበት ትምህርት ቤት ከዚህ ትምህርት ውጭ ሊሆን አይገባም። ምንጮቹን የሚመርጠው መምህሩ በመሆኑ፣ ግንኙነቱ የሚያስፈልገው በዋናነት በዝግጅት ጊዜ ነው። መምህሩ በወረዳው ከተማ ወይም ግንኙነት ባለበት ስፍራ ሆኖ ገጾቹንና ካርታዎቹን በፍላሽ ሜሞሪ ወይም በስልኩ ላይ ካወረደ በኋላ በሚከተሉት መንገዶች ሊጠቀምባቸው ይችላል፦

- ኮምፒዩተር ባለበት ትምህርት ቤት ፋይሎቹን ያለ ኢንተርኔት በኮምፒዩተሮቹ ላይ መጫን፤
- አንድ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ብቻ ባለበት፣ ቡድኖች በተራ የሚጠቀሙበትን የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት፤
- መብራት በማይገኝበት፣ ለእያንዳንዱ ቡድን የታተመ ወይም በእጅ የተጻፈ የምንጭ ማኅደር ማዘጋጀት።

ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ስልክ እንዲገዙ፣ የዳታ ካርድ እንዲሞሉ ወይም ወደ ኢንተርኔት ካፌ ብቻቸውን እንዲሄዱ ማዘዝ ተገቢ አይደለም። የቤተሰብ የገቢ ልዩነት የተማሪን ውጤት እንዳይወስን ሁሉም ቡድን ተመሳሳይ ምንጭ ሊደርሰው ይገባል።

ስሜት የሚነኩ ጉዳዮችን በጥንቃቄ መያዝ

በአንድ ክፍል ውስጥ የገባር ልጅ ልጅ፣ የወታደር ልጅ ልጅ፣ የሰፋሪ ልጅና የነባር ገበሬ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊማሩ ይችላሉ። በቅርብ ዓመታት በምዕራቡ የአገራችን ክፍል በተከሰተው ግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆችም በመካከላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ለእነዚህ ልጆች መሰደድ የትናንት የቤታቸው ወሬ ነው። ርዕሱን ሳያነሡ ማለፍ ችግሩን አያስቀረውም፤ ልጁ በክፍል ያላገኘውን መልስ ከመንገድ ላይ ያገኘዋልና። ስለሆነም መምህሩ የሚከተሉትን እንዲጠብቅ ይመከራል፦

- ማንም ተማሪ የብሔሩ፣ የሃይማኖቱ ወይም የትውልድ አካባቢው ወኪል ሆኖ እንዲናገር አይጠየቅም።
- ያለፈ ትውልድ የሠራው ሥራ በዛሬ ልጆች ላይ እንደ ጥፋትም ሆነ እንደ ውለታ አይቆጠርም።
- ወራሪና ተወራሪ፣ አፈናቃይና ተፈናቃይ እየሆኑ የሚጫወቱት ትዕይንት አይዘጋጅም። ልጅ በጨዋታ የሰደበውን ጓደኛውን ከጨዋታው በኋላም ሊሰድበው ይችላል።
- ተማሪው የቤተሰቡን ታሪክ መናገር ካልፈለገ በምትኩ የጽሑፍ ምንጭ ይሰጠዋል፤ ምክንያቱን እንዲያስረዳም አይገደድም።
- ጉዳት የደረሰበት ልጅ በሥራው መካከል ቢያለቅስ ወይም ቢከፋው መምህሩ ሥራውን አቁሞ ለብቻው ያነጋግረዋል፤ ለወላጅም ያሳውቃል።

የልጆች ደኅንነትና የግል መረጃ

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች የግል መረጃ የሚሰበሰብበትንና ጥቅም ላይ የሚውልበትን አግባብ ደንግጓል። በመሆኑም በፕሮጀክቱ ሂደት የተማሪ ሙሉ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ ስልክ ቁጥር ወይም የመኖሪያ አድራሻ በይፋዊ ገጽ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እንዳይወጣ ጥንቃቄ ይደረግ። የተማሪዎች ሥራ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ የሚታይ ከሆነ አስቀድሞ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። የቃል ታሪክ የሰጡ አረጋውያንም ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ መጠየቅ ክብራቸውን መጠበቅ ነው።

ምዘና

ተማሪው የሚለካው ያገኘው መልስ መምህሩ ከሚያምንበት ጋር በመስማማቱ ሳይሆን መልሱን በማስረጃ በመደገፉ ነው። ከ20 ነጥብ ለሚያዝ ሥራ የሚከተለው ክፍፍል ለምሳሌ ያህል ሊያገለግል ይችላል፦ ጥያቄውን በትክክል መረዳት 4 ነጥብ፣ ቢያንስ ሦስት ምንጮችን መጠቀምና ማነጻጸር 6 ነጥብ፣ ከአንድ በላይ የሆኑ ወገኖችን አመለካከት በአግባቡ መግለጽ 6 ነጥብ፣ አቀራረብና የቡድን ሥራ 4 ነጥብ። የሥዕል ውበት ወይም የኮምፒዩተር ጽሑፍ ተጨማሪ ነጥብ አያሰጥም።

በወላጆች ሊነሡ የሚችሉ ጥያቄዎች

ፕሮጀክቱ ለክልላዊ ፈተና ከሚደረገው ዝግጅት ላይ ጊዜ አይወስድም?
ስድስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ሆኖም ፕሮጀክቱ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ካለ ምዕራፍ ጋር ተያይዞ ስለሚሰጥ የሚተካው የዚያኑ ምዕራፍ ገለጻ ነው። የሕዝብ እንቅስቃሴን፣ ካርታ ማንበብንና ምክንያትን ከውጤት ማዛመድን በሥራ የተማረ ልጅ ለፈተናም ይዘጋጃል።

አያቱ የነገሩት በመጽሐፍ ከተጻፈው ጋር ባይስማማ ልጄ የትኛውን ይመን?
ሁለቱንም ይመዝግብ። አረጋውያን ቀንና ዓመት ሊስቱ ይችላሉ፤ መጽሐፍ ደግሞ የተራውን ሰው ኑሮ ሊዘነጋ ይችላል። አለመስማማቱን አይቶ ምክንያቱን መፈለግ የትምህርቱ አካል ነው። እባክዎ አያቶች በልጁ ፊት «ተሳስተዋል» እንዲባሉ አይፍቀዱ።

ልጄ መልሱን ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ቢገለብጥስ?
እነዚህ መተግበሪያዎች ስለ አካባቢ ታሪክ በእርግጠኝነት የሚናገሩት ስሕተት ሊሆን ይችላል። የፕሮጀክቱ ጥያቄ በተሰጡት ምንጮችና ልጁ ራሱ በጠየቃቸው ሰዎች ቃል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ተገልብጦ የሚመጣ መልስ በቀላሉ ይታወቃል። ልጁ እንዲህ ካደረገ ከመቅጣት ይልቅ «ይህን ማን አለ? በምን አወቀ?» ብሎ መጠየቅ ይመረጣል።

ማንበብና መጻፍ አልችልም፤ ልጄን እንዴት ልረዳው?
ያዩትንና የሰሙትን በመንገር። የቤተሰብዎን ታሪክ ከእርስዎ በተሻለ የሚያውቅ ድረ ገጽ የለም። ሲነግሩትም ያላዩትን «ሰምቻለሁ»፣ ያዩትን «አይቻለሁ» ብለው ቢለዩለት ትልቅ የታሪክ ትምህርት ሰጥተውታል።

በትምህርት ቤታችሁ ለማስጀመር

ፕሮጀክቱ በልጃቸው ትምህርት ቤት እንዲጀመር የሚፈልጉ ወላጆች ሐሳባቸውን በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ ማቅረብ ይችላሉ። በይዘቱ ወይም በአቀራረቡ ላይ ቅሬታ ያለው ወላጅ በመጀመሪያ የክፍሉን መምህር፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን እንዲያነጋግር፣ መፍትሔ ካላገኘ ደግሞ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይመከራል። ቅሬታ ሲቀርብ የተጠቀሰው ምንጭ ወይም አገላለጽ ለይቶ መጠቆሙ ጉዳዩ በፍጥነት እንዲታይ ይረዳል።

መምህራን ደግሞ አራቱንም ምዕራፎች በአንድ ጊዜ ለመጀመር መቸኮል የለባቸውም። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ምዕራፍ ብቻ፣ ለምሳሌ የመንገዱን ታሪክ፣ በጥቂት ምንጮች ሞክሮ ውጤቱን ከባልደረቦች ጋር መገምገም ይሻላል። በዚያ ዓመት ተማሪዎች ከአረጋውያን የሰበሰቡት የቃል ታሪክ፣ ባለቤቶቹ ከፈቀዱ፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተጠርዞ ቢቀመጥ ለቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች አዲስ ምንጭ ይሆናል። የ1977ን ጉዞ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በየዓመቱ ቁጥራቸው እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ይህ መዝገብ ሳይዘገይ ቢጀመር መልካም ነው።